በጆንያው ውስጥ የነበረችው

ውድ ሎዛ፣

ትናንት ደውዬልሽ «ሃሎ ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ልትቀልድብኝ ነው?» ስትይኝ ዘጋሁት። ኔትወርክ እንዳይመስልሽ። የምነግርሽ ቀልድ ስላልሆነ ነው።

እሑድ ዕለት የእድራችን ሰዎች ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የሥዕል ሙዚየም ሄድን። አትክልቱም ያምራል ተብለን። ታውቂኝ የለ፤ ከሰፈራችን ከአማኑኤል ተነስተን አውቶቡሱ ዳገቱን ሳይጨርስ ሰዉን በሳቅ ገድዬዋለሁ። የእድሩን ዳኛ ጋሽ ጣሰውንማ «አንድ ሥዕል ፊት ብዙ የቆመ ይቀጣል» ብያቸው፣ አዳራሹን በሩጫ ነው የጨረሱት።

ከዚያ ወደ አትክልቱ ወጣን። ከጽጌረዳዎቹ መሀል አንድ የቆርቆሮ ሰውዬ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቦርጩ የተገለበጠ ባልዲ ነው። መዶሻ ይዞ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ጎረቤቴ እትዬ ሸዋርካብሽ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ዘመድኩን! ቦርጭህ ሳይቀር!»

«ቦርጩስ ተጋኗል፣ እትዬ።»

ደስ ብሎኝ ነበር ሎዛ። በቁሜ ሐውልት ወጣልኝ ብዬ ፎቶ ልነሳ ስጠጋ፣ ከጎኑ ሌላ በርጩማ አየሁ። ባዶ ነው። አስጎብኚዋ መጥታ አስረዳችን።

«‹ወንድምና እህት› ይባላል፣ የሎዛ ሥራ ነው። ወንድምየው አጎቷ፣ እህትየዋ በሕይወት የሌሉት እናቷ ናቸው። የእናቷ ምስል ሳይገጣጠም፣ በጆንያ እንዳለ ከምን አለሽ ተራ ተሰረቀ። ለዚህ ነው ቦታቸው ባዶ የሆነው።»

አልተሰረቀም ሎዛ። እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን «ጋሼ፣ እስክጨርሰው እንዳታየው» ብለሽ ጆንያውን ምን አለሽ ተራ ካለው ሱቄ ጓሮ አስቀመጥሽ። የከሰል ምድጃ ትእዛዝ በዝቶብኝ ቆርቆሮ አጠረኝ። እኛ ሰፈር ቆርቆሮ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲታይ እጅን ይበላል፤ ፈታሁት። መጀመሪያ የወጣው ቁራጭ ዓይንና አፍንጫ ነበረው። «ይቺ ደግሞ ምን ታፈጥብኛለች?» አልኩና በመዶሻ ጠፈጠፍኳት። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ሳቁልኝ።

አስናቀች ነበረች። የገዛ እህቴ። አብሬው ያደግኩትን፣ የቀበርኩትን ፊት እጄ ላይ ይዤ አላወቅኩትም። እሑድ ከሰማሁት ሁሉ እስካሁን የሚያስደነግጠኝ ይኼ ነው።

ስትመጪ «ሌባ ወሰደው፤ ሌባውም ሥዕል ሳይወድ አይቀርም» አልኩሽ። አልሳቅሽም። «ቆርቆሮ አይደል? ሌላ ትሠሪያለሽ» ስልሽ፣ «ይኼንን ደግሜ አልችልም ጋሼ» ብለሽ ወጣሽ። የማን ፊት እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። ከዚያ ወዲህ ሱቄን ረግጠሽው አታውቂም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ጣሰው ዞር ብለው «ዘመድኩን ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ አንድ ነገር ሊሠራን ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አጠገቤ ለተቀመጡት ለእትዬ ሸዋርካብሽ ብቻ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። በመስኮት ማየታቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያኔ የሸጥክልኝ ምድጃ... ያ ጎኑ የሚጎረብጠው?»

«እሱ ነው።»

ሰፈር እንደደረስን አመዱን ደፉና፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቅፈው አመጡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በአሸዋና በሎሚ ፈተግኩት። ከጥላሸቱ ሥር ጆሮ ወጣ። ጫፉ ተሰንጥቋል። ሕፃናት ሳለን፣ ለቀልድ ብዬ ጉትቻዋን ስጎትት የተረተርኩት ጆሮዋ! ያቺን ስንጥቅ እንኳ አልረሳሻትም ሎዛ። አርባ ዓመት ሙሉ በነጠላዋ እየሸፈነች ደብቃልኝ ነበር፤ ለአንቺ ግን አሳይታሽ ኖሯል። ሱቁን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከጆንያው አራት ምድጃ ነው የወጣው። የቀሩትን ሦስቱን የገዙኝን ሰዎች በየቤታቸው እየፈለግኩ ነው። ያገኘሁትን አመጣለሁ፤ መዶሻዬ ግን አይነካቸውም። ለሙዚየሙ እስካሁን አልነገርኩም፤ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። አስጎብኚዋ የምትለውን ግን አስቀይሪው። ሌባ የሚባል የለም።

ነይና ስደቢኝ። ቀልድ ልጀምር ስል ካየሽኝ አፌን ያዢ። ጆሮዋን ከነምድጃው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ።

አጎትሽ ዘመድኩን