ለእማዬ ጉልበት የላክሽው ኪኒን

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለውባንቺ ዳኘው፣
ጆሃንስበርግ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ ታናሼ? ሰላምታዬ ከወገዳ ተነስቶ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ በጤናሽ ይድረስሽ። የሰባት ወር ሆድሽ እንዴት ይዞሻል? የእግርሽ እብጠት ተወሽ ወይስ አሁንም ማታ ማታ ጫማ አልገባ ይልሻል? ምግብስ ይስማማሻል? የሽንኩርት ሽታ ያስመልሰኛል ስትይን የነበረው አለፈልሽ? ባለቤትሽ ደምሌ ደህና ነው? ሥራውስ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልጀምር እስክሪብቶ አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። አባባም እማዬም በሕይወት አሉ። እኔም አለሁ።

የአካባቢው ስልክ እንደምታውቂው ተዘግቷል። ቢከፈትም እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ የምነግርሽን በስልክ ልነግርሽ አልችልም። ስለዚህ ጎረቤታችን አወቀ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ይህን ደብዳቤ ይዞልኝ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ብቻሽን ሆነሽ ከከፈትሽው እዚህ ላይ አቁሚና ደምሌ እስኪመጣ ጠብቂው። ግትር መሆንሽን አውቃለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እሺ በይኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያ ለእማዬ የጉልበት ሕመም ብለሽ የላክሽው፣ አንቺም ለራስ ምታትሽ እወስደዋለሁ ያልሽው ኪኒን ቤትሽ ካለ ከዛሬ ጀምሮ አትንኪው። ስትወልጂ ሐኪሙ ራሱ ቢሰጥሽ እንኳ እንዳትውጪው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ውባንቺ፣ ልጄ የለም። አንቺ ቻላቸው ብለሽ ስም ያወጣሽለት ልጅ ጥቅምት ሰባት ቀን፣ በተወለደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቷል። በኅዳር መግቢያ ስልኩ ለአንድ ቀን ሲከፈት ደውለሽ "ድምፁን አሰሙኝ" ስትይ፣ እማዬ ተኝቷል ያለችሽ ከሞተ ወር ሊሞላው ሲል ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ለቅሶዬ እንዳይሰማሽ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። እርጉዝ ሴት መርዶ አይነገራትም፣ በሰላም ትገላገልና ያኔ ደምሌ ሰው ሰብስቦ ያረዳታል ብለው ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተስማምቶ ነበር። የአገሩን ደንብ ታውቂዋለሽ። እኔም ተስማምቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። ደንቡን የማፈርሰው ቢቸግረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምጥ ሁለት ቀን ከያዘኝ በኋላ በዚያ በተበላሸ መንገድ በመኪና እያላጉ ሆስፒታል አድርሰውኝ በኦፕራሲዮን ተገላገልኩ። ልጁ ሦስት ኪሎ ከምናምን፣ ጩኸቱ ግቢውን የሚያናውጥ ነበር። በአራተኛው ቀን ወደ ቤት መጣን። የሰጡኝ ማስታገሻ አለቀና ቁስሉ ያንገበግበኝ ጀመር፤ ብስቅ ያመኛል፣ ባስነጥስ ነፍሴ ትወጣለች። እማዬ አንጀቷ አልችል አለና ከሣጥኗ ያንን የአንቺን ኪኒን አወጣች። እሷ በሐምሌ አንዲት ብቻ ውጣ ቀኑን ሙሉ ሲያዞራትና ሲያስመልሳት ውሎ "ሁለተኛ ባፌ አይዞርም" ብላ አስቀምጣው ነበር። ለእኔ ግን የፈረንጅ መድኃኒት ነው፣ ለቁስል ይበረታል ብላ ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት እያደረገች በእጇ አዋጠችኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሕመሙ ድራሹ ጠፋ። በዚያው ልክ እንቅልፍ ጣለኝ። ገንፎውን አፌ ላይ እንደያዝኩ አንቀላፋለሁ። የአራስ እንቅልፍ ነው፣ የሁለት ቀን ምጥ ድካም ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ልጁም ዝም አለ። ያ ጯሂ ልጅ ጭጭ አለ። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ እንዴት ያለ ጭምት ነው፣ ካህን ይወጣዋል እያለ አደነቀልኝ። እማዬም ጥቅምት ሦስት ቀን ስትደውዪ ይህንኑ በኩራት ነገረችሽ፤ አንቺም "የእኔም እንደሱ በሆነልኝ" ብለሽ ሳቅሽ። ያንን ቃልሽን ባስታወስኩ ቁጥር አማትባለሁ።

ጡት ሲያቀርቡለት አፉን ከፍቶ ይተወዋል። ሁለቴ ስቦ ያንቀላፋል። ጡቴ አጋተ፣ እንደ ድንጋይ ጠጠረብኝ፤ ይጠባ ዘንድ ጉንጩን ብነካካው፣ እግሩን ብኮረኩረው ወይ ፍንክች። በአሥራ አንደኛው ቀን መልኩ አመድ መሰለ። አባባ ጠበል አስመጥተው አስረጩት። እኔ ሐኪም ቤት እንውሰደው ለማለት እንኳ አእምሮዬ አልተሰበሰበም። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ በደንብ ወጥታ፣ ላጠባው ሳነሳው ከንፈሩ ጠቁሯል። ገና ለብ ያለ ነበር። ከጎኔ ሆኖ ነፍሱ ስትወጣ እኔ ተኝቻለሁ።

አርባ ቀኑ አልሞላም፣ ክርስትና አልተነሳም። ፍትሐት ሳይደረግለት ባሌ ልመንህና አባባ ሁለቱ ብቻ ወስደው ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ልመንህ ከእርሻ ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ደግሞ ነገሩን በጎረቤታችን በብርቄ ላይ ጣለችው። ብርቄ በስምንተኛው ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ ልጁን አቅፋ አመስግናው ነበርና ዓይኗ ነው የበላው አለች። ሰፈሩም ተቀበላት። አሁን የዚያችን ምስኪን ቤት የሚረግጥ የለም፤ ውኃ ስትቀዳ እንኳ ሌሎቹ ገንባቸውን አንስተው ይሄዳሉ። በቀደም መንገድ ላይ አገኘኋትና በሰው ፊት አቅፌ ሳምኳት።

የልጁን ሞት ምክንያት የነገረኝ ሙሉቀን ነው። አንድ ክፍል አብራችሁ የተማራችሁት ሙሉቀን አሁን ፋርማሲስት ሆኖ ንፋስ መውጫ ነው የሚሠራው። በዚህ ሰሞን ለለቅሶ መጥቶ ተቀምጦ ሳለ የኪኒኑን ማሸጊያ መስኮቱ ላይ አየና አንስቶ አገላብጦ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። ማን እንደወሰደው፣ ስንት ስንት እንደወሰድኩ፣ ሆዴ ደርቆብኝ እንደሆነ፣ የልጁ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ እንደሆነ ጠየቀኝ። የዋጥኩት እኔ መሆኔንና ስንት ስንት እንደነበር ነገርኩት፤ የቀረውን ሁሉ አዎ አልኩት። እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

እንዳስረዳኝ ላስረዳሽ። ጉበታችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች አሉ። የምንውጠውን መድኃኒትም ሆነ መርዝ እየሰባበሩ፣ እየለወጡ ከሰውነት እንዲወጣ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ማርከስ ነው። ይህ ኪኒን ውስጥ ያለው ኮዴን የሚባለው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እንዲሁ እንዳለ ብዙም አያስታግስም፤ አንደኛው ኢንዛይም ሞርፊን ወደሚባለው ኃይለኛ መድኃኒት ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስረሳው። ታዲያ ይህ ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ጨርሶ የለውምና ኮዴን ቢውጥ ባይውጥ ለውጥ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ከሌላው እጥፍ ይሠራል። ጠላ ስትጠምቂ ብቅሉ ሲበዛ ቶሎ ይፈላ የለ? እንደዚያ ነው። ሌላው ሰው ቀስ ብሎ በጥቂቱ የሚለውጠውን የእኔ ጉበት በአንዴ ሞርፊን አድርጎ ደሜን ሞላው። ከደሜ ወደ ወተቴ ገባ። ያ አሥራ ሁለት ቀን ያልሞላው የልጄ ጉበት ደግሞ የማርከስ አቅም ገና አላበጀም። በጠባ ቁጥር ተጠራቀመበትና መተንፈስ አስረሳው።

አፌ ቁርጥ ይበልና፣ ልጄን ያጠባሁት እሱን ነበር።

ሙሉቀን ደምሽ ሳይመረመር ምዬ አልናገርም ብሎኛል፤ እዚህ ደግሞ ያን የሚመረምር የለም። ምልክቱ ሁሉ ግን ገጥሟል። ይህ የሚፈጥን ጉበት በአገራችን ሰው ዘንድ ከሌላው ዓለም ይበዛል አለኝ፤ ከአሥር ሁለት ሦስታችን አለብን ይባላል። የሚወረሰውም ከእናት ወይም ከአባት ነው። ይህን ሲለኝ እማዬ በአንዲት ኪኒን ቀኑን ሙሉ የዞረባት ትዝ አለኝ። ቀጥሎ አንቺ ትዝ አልሽኝ። "እኔም እወስደዋለሁ፣ ደንዘዝ ያደርገኛል እንጂ ፍቱን ነው" ብለሽን አልነበር? በጥር በኦፕራሲዮን እንደምትወልጂም ነግረሽናል። የዚያን ቀን ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥኩት።

ለእማዬ ልነግራት ሞክሬ ነበር። ጨርሼ ሳልናገር "በእጄ ገደልኩት ልትይኝ ነው?" አለችኝ። ዓይኗን ባየሽው። ሁለተኛ አላነሳሁባትም። ብርቄን የያዘችው ይህን ላለመያዝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ቢገባኝም ያናድደኛል። ባንቺም አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ። ምን ነክቷት ነው የላከችው እላለሁ። ወዲያው ደግሞ እናቷ እንዳታነክስባት ብላ እንጂ ምን ታውቃለች ብዬ በራሴ አፍራለሁ። ከሁላችን የባሰ ጥፋት ካለ የእኔ ነው፤ ለሌላ ሰው የመጣ መድኃኒት ሳልጠይቅ ዋጥኩ። አንቺ ግን ይህን ተሸክመሽ እንዳትወልጂ። እንድትጠነቀቂ ነው የነገርኩሽ፣ እንድትቃጠይ አይደለም።

እንግዲህ ስሚኝ። ለሐኪምሽ እኅቴ እንዲህ ሆናለች፣ እኔ ኮዴን አይሰጠኝ በዪ። ትራማዶል የሚባለውም ወንድሙ ነው፤ እሱንም ንገሪ። በሳል ሽሮፕም ውስጥ ኮዴን ይገባል ብሎኛል ሙሉቀን። ሕመሙን ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው አልልሽም፤ ለሚያጠቡ የሚሆን ሌላ ማስታገሻ ሞልቷል። በብዙ አገር ይህን ለአጥቢ መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ያውቁልሻል። እዚያ የደም ምርመራውም ይኖር ይሆናል፤ ጠይቂ። ደምሌም ይህን ያንብብና ለሐኪሙ እሱ ደግሞ ይንገር፤ አንቺ በዚያ ሰዓት አቅም አይኖርሽም። ከወለድሽ በኋላ ልጅሽ ከልክ በላይ ቢተኛ፣ ጡት መሳብ ቢሰንፍ፣ ጨዋ ነው የሚልሽን ሁሉ አትስሚ። አንስተሽው ሩጪ።

በሰላም ከተገላገልሽ በኋላ አልቅሺ። እስከዚያ ድረስ ግን ለሆድሽ ስትይ ቻል አድርጊው። ደብዳቤው እንደደረሰሽ በአወቀ ስልክ "ኪኒኑን ጣልኩ" ብለሽ ላኪልኝ፤ ሲመለስ ያደርስልኛል። ሌላ አትጻፊ፤ ያቺን ቃል ካልሰማሁ እህል አይወርድልኝም።

አባባ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሻል፤ በጸሎታቸው ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም። ልመንህ ሲጠየቅ ራሱን ነቅንቆ በዪልኝ ብሏል፤ ሰላምታው እሱ ነው። ብርቄ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብላለች። ሙሉቀን ለአንቺም ለደምሌም ሰላምታውን ያቀርባል። እማዬ አሁን ከጎኔ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ነው። ማንበብ ስለማትችል የደህንነት ደብዳቤ የምጽፍልሽ ይመስላታል። ጉልበቴ ተሽሎኛል በያት፣ አታስቢ በያት አለችኝ፤ ጻፍኩልሽ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከሕፃኑም ሰላምታ አድርሺላት፣ እንዳትጠረጥር" አለችኝ።

እሺ አልኳትና ይህን ጻፍኩ።

ታላቅ እኅትሽ ሰርኬ ዳኘው
ወገዳ፣ ስማዳ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.