ሦስተኛውን ጥያቄ የከለከልክ ዕለት

ውድ ወንድሜ ዳርሜን፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን አንተ "ደህና ነኝ፣ ደህና ናችሁ?" ብለህ ትዘጋለህ፤ እኔም የያዝኩትን ሳልተነፍስ እቀራለሁ። ወረቀት አያቋርጠኝም። ታላቅ እህትህ ነኝና እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

በቅድሚያ የምሥራቹን ልንገርህ። ኤርናር ቅዳሜ ተጫወተ። ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነው። የልጄ ጉልበት ደህና ነው፤ እኔም የጠፋብኝን እንቅልፍ አገኘሁት።

ሰሞኑን አንተ ትጫወትበት የነበረው ዘመን እየመጣ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ጠጠሩ ላይ ስትሮጥ በየወሩ ጫማ ትጨርስ ነበር። እናታችን ነፍሷን ይማርና "ይሄ ልጅ እግር ነው ያበቀለው ወይስ መጋዝ?" ትል ነበር። በኋላ ከተማችን ታራዝ በሙሉ አንተን ለማየት ስታዲየም መሄድ ጀመረ። ሌላው ሲሯሯጥ አንተ መሀል ሜዳ ቆመህ ታያለህ፤ ኳሷ ግን ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። እኔ ስለ ኳስ ምንም ባላውቅም ይህ እንዴት እንደሚያምር አውቅ ነበር።

ከዚያ ያ የዋንጫ ፍጻሜ መጣ። ሃያ ሰባት ዓመትህ ነበር። ያበጠ ጉልበትህን በመርፌ አደነዘዙልህና ገባህ። ማንም አላስገደደህም፤ ሁሉም ለመነህ እንጂ። አባታችንም ለመኑህ። በቃሬዛ ወጣህ፣ ተጫዋች ሆነህም ዳግመኛ ወደዚያ ሜዳ አልተመለስክም። ጎማ ስትሸጥ፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ሲያሳይ ብድግ ብለህ ስትወጣ አየሁህ። ሕፃናት ማሠልጠን ስትጀምር "ጊዜ ማሳለፊያ ነው" አልከኝ። ጊዜ ማሳለፊያው አድጎ አድጎ የከተማችን ክለብ ዋና አሰልጣኝ አደረገህ፤ የእኔን ልጅም ያንተው ቦታ ላይ አማካይ አድርጎ አሰለፈው።

አሁን የዛሬ ስምንት ወር አባታችን ቤት ወደተበላው ምሳ ልመለስ። በማግስቱ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ ካላሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። አባታችን በግ አርደው ሽማግሌዎቹን ጠርተዋል። ኤርናር ጉልበቱ አብጦ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ አልሠራም። እኔ የሥጋውን ትሪ ይዤ ስገባ ልጄ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ናጋሺ" አለህ፤ የእናቱን ወንድም እንደሚጠራ የአገራችን ልጅ ሁሉ። "ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ሰጥተኸኛል። ሦስተኛዬ ይኸው። ነገ አሰልፈኝ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ጭናቸውን መቱ። የእህት ልጅ ሦስት ጊዜ ቢጠይቅ አጎቱ እምቢ እንደማይል በእኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ልጁ በሰባት ዓመቱ የአዳኝ ውሻህን ቡችላ ወሰደ፤ በአሥራ ስድስቱ የቆዳ ጃኬትህን ከጀርባህ ላይ ገፈፈህ። ሁለቱንም ጊዜ እየተራገምክ ሰጥተኸዋል።

"አይሆንም" አልክ።

ሳቁ ቆመ። አባታችን ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ምን አልክ?"

"አይሆንም አልኩ አባባ። መኪናዬን ይጠይቀኝ፣ ቁልፉ ያውና። ጉልበቱን ግን እንዳጠፋለት አይጠይቀኝ።"

"ክለቡ ሊወርድብህ ነው እኮ ሰውዬ!" አለ አንዱ።

"የእህቱን ልጅ ያስከፋ እጁ ይንቀጠቀጣል" አሉ አባታችን በዝግታ። "ይህን ከኔ ቤት ነው የተማርከው።"

"ይንቀጥቀጥ አባባ። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በእግሬ ነው።"

አባታችን የእንግዳ ማዕድ ትተው ተነሥተው ወጡ። እሳቸው እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

አንተ ግን ያላየኸውን ልንገርህ። እኔ ትሪውን አስቀምጬ ኩሽና ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁና ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ከደስታ ነው ያለቀስኩት፣ ዳርሜን። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ "አንድ ሰው እምቢ ይበልልኝ" እያልኩ ነበር። እናት ብትል "ሴት ፈራች" ይባላል። አንተ አልክልኝ።

ቀሪውን ታውቀዋለህ። ዜሮ ለዜሮ ወጣን፣ ወረድን። ክለቡ አሰናበተህ። ታክሲ ስሳፈር ሾፌሩ እህትህ መሆኔን ሳያውቅ "ያ ግትር አሰልጣኝ ልጁን ቢያስገባው ኖሮ እኮ ጨዋታው አልቆ ነበር" አለኝ። አባታችን ስምህን ማንሣት አቆሙ። አንተም ሻንጣህን ይዘህ ሰሜን ኮክሼታው ድረስ ሄደህ ታዳጊዎች ማሠልጠን ጀመርክ።

ልጄን አልማቲ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የጉልበቱን ፎቶ አየና "ጅማቱ በክር ነው የተንጠለጠለው። አንድ ግጭት ቢያገኘው ኖሮ ኳስ ቀርቶ ደረጃም በወጉ አይወጣም ነበር" አለኝ። ኤርናር አጠገቤ ሆኖ ሰማ። ታራዝ ስንደርስ "እማዬ፣ ናጋሺን ይህን ሁሉ ሳምንት ስሰድበው ቆየሁ" አለ። "እሱ ስድብ ለምዷል፣ አሰልጣኝ ነው" አልኩት።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ እንዲህ ሆነ። በሁለተኛው አጋማሽ ማንም ሳይነካው እጁን አነሣና እንዲቀየር ጠየቀ። አንድ ለአንድ ነን። አዲሱ አሰልጣኝ "ቀጥል!" እያለ እጁን አወናጨፈ። ልጄ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፣ አልነሣም ብሎ። ከኋላችን አንድ ሰውዬ "ይሄ ደግሞ ፈሪ ነው!" ብሎ ጮኸ። ጉልበቱ እንደገና ሄደ ብዬ ብድግ አልኩ። በኋላ ሲታይ ድካም ብቻ ኖሯል፣ የጡንቻ መሸማቀቅ። እሱ ግን ያን አያውቅም ነበር፤ ራሱን ለመጠበቅ ነው የወጣው።

አጠገቤ የነበሩት አባታችን ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሰውዬው ዞሩ። "ጥሩ ልጅ በእናቱ ወንድም ይወጣል ሲባል አልሰማህም?" አሉት። "ይሄ የዳርሜን እህት ልጅ ነው።"

ስምህን ከአፋቸው ከሰማሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ከቦርሳዬ የለውዝ ከረጢት አውጥቼ ዘረጋሁላቸው፣ ወሰዱ።

ና አይሉህም፤ ታውቃቸዋለህ። ማክሰኞ ግን ሻይ እየጠጡ "ኮክሼታው ብርዱ ይከብዳል ይሆን?" አሉኝ።

"ለማን?" አልኳቸው፣ እያወቅኩ።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ለልጄ" አሉ።

ሞቅ ያለ ልበስ።

እህትህ ባልዚያ