ያደርኩበት ቤት

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ለውድ እናቴ ለክሪስታ፣

ይህን ደብዳቤ ልላክልሽ ወይስ ቀድጄ ልጣለው ገና አልቆረጥኩም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ አንቺም ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ። ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለኝ። ከሁሉ በፊት ላንቺ መንገር ያለብኝ ስለመሰለኝ ጻፍኩት።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጣቶችሽስ እንዴት ናቸው? ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ በረዶ ላይ ዓሣ ስትገለብጪ እንደሚደነዝዙብሽ ነግረሽኝ ነበር፤ ደህና ጓንት ሰጧችሁ ወይ? የአላስካ ፀሐይ ትንሽ መቆየት ጀመረች ወይስ አሁንም ብቅ ብላ ትጠልቃለች? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሳል ይዞኝ ነበር፣ እሱም እየለቀቀኝ ነው።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ የኖርኩት አያቴ ኦፓል ዘንድ ነው። ባለፈው ዓመት ግን፣ ዓመቱ ሊጋመስ ሲል፣ አክስቴ ዳርላ በመኪናዋ መጣችና «ነይ የኔ ማር፣ ከአሮጊት ጋር ተቀምጠሽ ልትሻግቺ ነው? የራስሽን ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» አለችኝ። አያቴ በሩ ላይ ቆመው «ዳርላ፣ ዘንድሮ ደግሞ ልጅ አማረሽ?» አሏት። ዳርላ ሳቀች። እኔ ነገሩ አልገባኝም። አልጋው ላይ ቢጫ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንዳታየኝ ጫማዬን የማወልቅ መሰልኩ።

ዳርላ አንድም ሌሊት ውጪ እንዳድር አትፈቅድም ነበር። አንዲት የክፍሌ ልጅ ለልደቷ እነሱ ቤት እንድናድር ስትጠራን፣ «በጭራሽ! ይቺ ልጅ የምታድረው በኔ ጣሪያ ሥር ነው» አለች። እማዬ፣ እኔ እኮ ፍቅር መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ የት እንዳደርኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

በመከር አያቴ ደረታቸውን ታመው ተኙ። ዳርላ በዶሮ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ ገብታ ስለነበር ልታስታምም አልቻለችም። «ሂጂ አስታምሚያት፣ ግን እዚያ ማደርሽን ለሰው አታውሪ» አለችኝ። ለምን እንደማላወራ አልጠየቅኩም። እስከ ኖቬምበሩ የምስጋና በዓል ድረስ እዚያው ሰንብቼ ወደ ዳርላ ቤት ተመለስኩ። ሾርባ እሠራ ነበር፤ አያቴም ጨው አነሰው እያሉ ይጠጡት ነበር።

የግብር ተመላሽ ሰሞን እዚህ ምን እንደሚመስል መቼም ታውቂዋለሽ። በልጅ ስም መንግሥት ጠቀም ያለ ገንዘብ ስለሚመልስ፣ ልጅ ያለው ልጁን ያውሳል፣ የሌለው ይዋሳል። የጎረቤታችን የትዊላ መንትዮች አምና አንዱ በአጎቱ፣ አንዱ በእናቱ ወዳጅ ስም የግብር ቅጽ ላይ ገብተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰዉ «ዘንድሮስ ያንተ የትኛው ነው?» እየተባባለ ሲስቅ፣ ልጆቹም አብረው ይስቁ ነበር። ዋናው ነገር መቅደም ነው፤ ኮምፒውተሩ አንድን ልጅ ሁለቴ አይቀበልም።

የዳርላ ባል ሮይስ ከፋብሪካው ከተባረረ ወዲህ የሰዉን የግብር ቅጽ በሚሞላው ቢሮ ደጃፍ፣ መንገድ ዳር ይቆማል። እንደ ነጻነት ሐውልቷ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሶ፣ የስፖንጅ ዘውድ ደፍቶ፣ ደንበኛ ለመጥራት ለመኪኖች እጁን ያወዛውዛል። የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሲያልፍ ልጆቹ መስኮት ከፍተው «ንግሥት ሆይ! ቀሚስሽን ሰብስቢ፣ ነፋስ ነው!» ይሉታል። ያን ጊዜ እኔ አጎንብሼ ጫማዬን አስራለሁ።

ባለፈው ዓርብ ዳርላ ወደዚያ ቢሮ ይዛኝ ሄደች። ስንገባ አያቴ ቀድመውን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግብር የሚሞሉት ወይዘሮ ቨርሊን የመታወቂያ ካርዴን ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብተው ጥቂት ጠበቁና መነጽራቸውን አወለቁ። «ዳርላ፣ ያንቺንም ኮምፒውተሩ አልተቀበለውም። ኦፓልም ጠዋት ሞክረው አልተቀበላቸውም። ይቺን ልጅ ሌላ ሰው ቀድሞ በስሙ አስገብቷታል» አሉ።

መጀመሪያ ማንም አልሰማቸውም፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተያያዙ። ዳርላ «ግማሽ ዓመት ሙሉ ያበላኋት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። አያቴም «ያበላሻት ዶሮ ከፋብሪካ የሰረቅሽው ነው። ሳህን ያጠበችልሽን ቁጠሪው እንጂ!» አሏት። «አንቺስ? ጋዝ ጨርሰሽ በብርድ ልትገያት ነበር!» «ተመላሹ ቢመጣ እሞላው የለ! እሱን ለመንጠቅ አይደል ልጅቷን የጎተትሽው!» ሮይስ ጩኸቱን ሰምቶ በነዘውዱ ገባና «ሴቶች፣ ኧረ ደንበኛ እየሸሸ ነው» አለ። አያቴ «አንተ መጀመሪያ ሱሪ ልበስና ተናገር» አሉት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሚስቅ ቤተሰብ ሥዕል አያለሁ።

ወይዘሮ ቨርሊን ጠረጴዛውን መቱ። «እዚህ የምትጣሉት በከንቱ ነው። ከሁለታችሁም የቀደመ ሦስተኛ ሰው አለ። እርግጥ፣ ልጅቷ የምትመዘገበው ከግማሽ ዓመት በላይ ባደረችበት ቤት ነው። እናት ትቀድማለች፤ እሷም ብትሆን ልጅቷ አብራት ከኖረች ነው። ልጅቷ እውነቱን ከተናገረችና ማስረጃ ከተገኘ ቅጹን በፖስታ ልከን እንከራከራለን» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ዓመቱን የት አደርሽ? ቁጥርሽንስ ለማን ሰጠሽ?» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ሥዕሉ መለስኩ። ዳርላ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። ያኔም ዓይኔን ከሥዕሉ አልነቀልኩም። ወይዘሮ ቨርሊን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «እስከ ሐሙስ ታስብበት» አሉ።

ዳርላ በዚያው ቀን ልብሴን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ሞላችው። «ላልጠቀምሽኝ ነገር ያን ሁሉ ወር ስቀልብሽ ከረምኩ» አለችኝ። ቢጫውን ብርድ ልብስ አጥፌ ልይዝ ስል «እሱን አስቀምጪው፣ ለሌላ ልጅ ይሆናል» አለች። እስካሁን ከሁሉ ይበልጥ የሚያመኝ ይሄ ነው፤ ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ።

አያቴ በሩን ከፈቱልኝ። ነገር ግን ሶፋውን አሳይተውኝ «እዚህ የምታድሪው እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ስሙን ትናገሪያለሽ። ካልሆነ የምትሸፍኚለት ሰው ያሳድርሽ» አሉኝ። ጋዙ ካለቀ ቆይቷል። ሁለታችንም በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዙሪያ ነን፤ እሷም ወደሳቸው ዞራለች። ሲያስላቸው ውሃ ይዤ እነሳለሁ። ውሃውን ይቀበሉኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩም።

እማዬ፣ በጃንዋሪ የደወልሽልኝን ታስታውሻለሽ? ለገና እንኳ አልደወልሽም ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ናፍቀሽኛል! እስቲ ያቺ ካርድሽ ላይ ያለችውን ቁጥር አንብቢልኝ» አልሽኝ። ለአውሮፕላን ትኬት መሰለኝ። እንዳትሳሳቺ ብዬ ሁለቴ አነበብኩልሽ። ስልኩን ስትዘጊ ቦርሳዬን አውጥቼ የሚሞቁትን ልብሶች ለይቼ ከተትኩ፤ ያ ቦርሳ ዳርላ እስክታስወጣኝ ድረስ አልጋዬ ሥር ዝግጁ ሆኖ ቆየ። ወይዘሮ ቨርሊን «ሦስተኛ ሰው» ሲሉ ነው ቁጥሩን የፈለግሽው ለትኬት ሳይሆን ለግብሩ እንደነበር የገባኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ስምሽን ብጠራ ሁለተኛ አትደውይልኝም ብዬ ፈራሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ አንድ ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ «የኔ ናት» ብላ ጽፋኛለች ብዬ። በማግስቱ ግን አያቴ ሲያስላቸው አዳመጥኩ። በሄድሽበት አገር አንድም ሌሊት አላደርኩም፤ ትራስሽ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም።

ላንቺ ቤት ሰዎች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለዌድ እንደምን ሰነበትክ በይልኝ፤ በበረዶው ሲነዳ ይጠንቀቅ። ለሴቶች ልጆቹ ለብሪንና ለካሊ ሰላም በይልኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሽውን ፎቶ አይቼዋለሁ፣ አዲሶቹ ቀያይ ኮቶች በጣም አምረውባቸዋል። አንቺም መሐላቸው ቆመሽ ስትስቂ አይቻለሁ። ውሻውንም ዳብሺልኝ። ከዚህ በኩል አያቴ ሰላምታ አልላኩልሽም፤ እንደምጽፍልሽ አያውቁም። ዳርላም እንደዚሁ።

ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ወይዘሮ ቨርሊን ቢሮ እሄዳለሁ። ሮይስ ዘውዱን ደፍቶ ይቆም ይሆናል፤ ልጆቹም ይጮሁበት ይሆናል፤ ነገ ግን ጫማዬን አላስርም። የት አደርሽ ሲሉኝ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ዓመቱ ሊጋመስ እስኪል አያቴ ዘንድ፣ ከዚያ ዳርላ ዘንድ፣ አያቴ ሲታመሙ ደግሞ እሳቸው ዘንድ እላለሁ፤ ሲቆጠር የሚበዛው እሳቸው ዘንድ ያደርኩት ነው። ቁጥርሽን ለማን ሰጠሽ ሲሉኝም ያንቺን ስም እናገራለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ በወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። ደብዳቤው አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ስምሽን ከጠራሁ ቀናት ያልፋሉ፤ ከሰው ከምትሰሚው ግን ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ፖስታ ቤት እገባለሁ።

ልጅሽ ዴልያ
ሃርፐር ቤንድ፣ አርካንሳስ