ከጊታሩ ሆድ የፋቅሁት ጥቁር ቀለም

ውድ ብልጭታ፣

«ውድ ልጄ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ነገር ግን አንዲትን ሴት «ልጄ» የሚል ሰው ባላጠፋችው ስትወቀስ ቆሞ አያይም፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ስለዚህ ራዲዮ ስትጠግኚ አይቼ ባወጣሁልሽ ቅጽል ስም ልጥራሽ፤ እርሱን እንኳ አልከለከልሽኝም።

አንቺና እጮኛሽ፣ ማለትም ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር በገዛ እጃችን እንሥራ ብላችሁ በመጣችሁ ጊዜ፣ የጓሮውን ክፍል እያጉረመረምሁ እንደ ለቀቅሁላችሁ ታስታውሻለሽ። የአናጢ ክፍል የልጆች መጫወቻ አይደለም ብዬ ነበር። ዛሬ እውነቱን ልጻፍልሽ፦ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያ ክፍል የትኩስ እንጨት ሽታ ናፍቆት ነበር። «ከሚጣል ይሻላል» ብዬ የወረወርሁላችሁም ሳንቃ፣ ለማንም ሳልሰጥ ያኖርሁት ምርጥ ሳንቃዬ ነበር።

ልጄ ቅርጹን አወጣ፤ እኔ አንገቱን ከገላው ጋር አጋጠምሁ፤ አንቺ ደግሞ ማግኔቶቹንና ሽቦዎቹን ከሆዱ ልትቀብሪ ተዘጋጀሽ። ያ ችኩል ልጅ ግን ሳያማክረን በስፕሬይ ቀባውና ገላው ሁሉ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነቁጥ በነቁጥ ሆኖ ወጣ። «ይህ ቀለም ነው ወይስ ኩፍኝ?» ባልሁት ጊዜ ጠመንጃ መፍቻው ከእጅሽ እስኪወድቅ ሳቅሽ። ለሥራ ወጣ ብላችሁ እስክትመለሱ ድረስ ፍቄ እንደ አዲስ ልቀባላችሁ ቃል የገባሁትም ያን ጊዜ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ጉድጓድ በጥቁር ቀለም ቀብተሽው ነበር። ሲደርቅ የኤሌክትሪክ መለኪያሽን፣ የቴስተርሽን፣ ሁለት ጫፎች አስነካሽው፤ መሣሪያው ኤሌክትሪክ ያልፋል ሲል ጮኸና ፊትሽ በራ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረሽ፣ «አባባ፣ ውጪውን እንደ ፈለጉ ያድርጉት፤ ውስጡን ብቻ እንዳይነኩብኝ። ከመብራቱም ከምኑም የሚመጣውን ጫጫታ የሚያግደው እሱ ነው» አልሽኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። የነቀነቅሁት ስለ ሰማሁሽ አይደለም። ወጣት ሲናገር ራስን መነቅነቅ ጨዋነት ስለሆነ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው መሳቢያ ሲረከቡ ፊቱን አያዩም ነበር፤ ገልብጠው ሆዱን ያያሉ። በውስጡ አንዲት ሻካራ ቦታ ካገኙ ዕቃውን በፊታችን ይሰባብሩታል፤ እኛም ስብርባሪውን ለቅመን እንደ ገና እንጀምራለን። እኔም በዚሁ አረጀሁ። እናም የጊታሩን ገላ ብርሃን እስኪቆምበት ድረስ ወልውዬ ወደ ሆዱ ባጎነበስሁ ጊዜ፣ ያ ደብዛዛ፣ የጭስ ማውጫ ጥላሸት የመሰለ ቀለም እንደ ስድብ ተሰማኝ። ማስጠንቀቂያሽን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ፣ «የፈለገችው ጥቁር እንዲሆን ነው፤ ጥቁር አደርግላታለሁ» አልሁ። በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ እስኪታይ ፋቅሁት። ከዚያም ለጌጠኛ ወንበሮች እጠቀምበት የነበረውን የራሴን ጥቁር ቫርኒሽ ደራርቤ ቀባሁት። ጣት የሚያንሸራትት መስታወት ሆነ።

በተመለሳችሁ ጊዜ ሆዱን አቅርበሽ አየሽና፣ «ይሄ ደግሞ እንዴት እንዲህ አማረበት?» አልሽ። በደንብ ስለ ደረቀ ነው አልሁሽ። ምስጋናሽንም እንደ ከረሜላ እያላመጥሁ ዋልሁ። አንቺም በእኔ ስላመንሽ ዳግመኛ በቴስተር አልለካሽውም፤ ሽቦሽን በዚያው ላይ ዘረጋሽ።

የቀረውን አብረን አይተነዋል። ልጄ በጊታሩ በሰው ፊት ሊጫወት በወጣበት በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ መብራቶች ሲበሩ፣ ጊታሩ ዝንቦች የታጎሩበት ቆርቆሮ ይመስል ያጉረመርም ጀመር። ልጄም ላብ ላብ ሲለው በድምፅ ማጉያው፣ «ሽቦውን የበየደችው እጮኛዬ ናት፤ የቤታችንን ጭቅጭቅ እዚህ ድረስ ይዛው መጣች» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንቺ ራስሽ የጋበዝሻቸው የጥገና ሱቅ ባልደረቦችሽም ሳቁ። እኔ ካጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። እጆችሽን ከጉልበትሽ ላይ አንስተሽ ከወንበሩ በታች ስትደብቂያቸው አየሁ።

ቤት ስንደርስ አንቺ ጊታሩ ተከፍቶ ይታይ አልሽ፤ ልጄ ግን ከዚህ በኋላ ማንም እንዲነካው አልፈለገም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞርሽ። በቁጣ አልነበረም፤ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ነበር የጠየቅሽኝ።

«አባባ፣ ጥቁሩን ነክተውታል?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ራሴን እየነቀነቅሁ ያሳለፍሁት ቃልሽ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ። እኔ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «እኔ የሰው ሥራ አልነካም» አልሁሽ።

ልጄም ቀበል አድርጎ፣ «ደግሞ በአባቴ ልታሳብቢ ነው?» አለሽ። የመበየጃ ካውያሽንና የሽቦ ጥቅልልሽን በቦርሳሽ ከተትሽ፣ የቤታችንን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አኖርሽ፣ ከበሩ ላይም ዞር ብለሽ «ደህና ያምሹ፣ አባባ» አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጊታሩን ከፍቼ፣ ረስተሽው የሄድሽውን ቴስተር ልክ አንቺ እንዳደረግሽው ከቫርኒሼ ላይ አስነካሁት። ጭጭ አለ። ቦታ ቀያይሬ ሞከርሁ፤ ጭጭ። የሠራሁት ሥራ እንዲህ ያምር ነበር፤ አንዳች ጥቅም ግን አልነበረውም።

ራት ላይ ለልጄ ነገርሁት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ በሰው ፊት ነው ያሳቅሁባት» አለ። ወዲያው ተነሥቶ ወደ አንቺ ሊሮጥ ሲል ክንዱን ያዝሁት። የእርሱ በደል የእርሱ ነው፤ ራሱ መጥቶ ይናገር፣ እኔ ጠበቃ አልቆምለትም። ወደ እርሱ ተመለሺልኝ ብዬም አልለምንሽም፤ ያ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። እኔ ግን መቅደም ነበረብኝ፤ የአንቺ እውነት በእኔ አፍ ነውና የተዘጋው።

ቫርኒሹን ፍቄ አንሥቼዋለሁ። የጊታሩ ሆድ አሁን ባዶ እንጨት ነው፤ ያለ አንቺ ፈቃድ ምንም አይቀባበትም።

ይህን ሁሉ በቃል ያልነገርሁሽ ምላሴን ስለማውቀው ነው። ስለ ሙያ ሥርዓት ማስረዳት ይጀምርና ሲጨርስ ጥፋተኛዋ አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ። በወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለው ሰበብ ሲጻፍ ራሴን አሳፈረኝ፤ ሦስት ገጽ ቀድጃለሁ።

ልጄ ደብዳቤውን እኔ ላድርስ ቢለኝ እንቢ አልሁት። በእጄ ይዤው መጥቼ፣ ሰጥቼሽ ወጥቻለሁ። አሁን ይህን መስመር ስታነቢ ከሱቃችሁ ደጃፍ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ቆሜአለሁ። ባልደረቦችሽ ሲሳቅብሽ አብረው ስለ ሳቁ፣ ከፈቀድሽ ያደረግሁትን በእነርሱም ፊት በአንደበቴ እናገራለሁ። ይግቡ ካላልሽኝ አልገባም፤ ይሂዱ ካልሽኝም እሄዳለሁ።

አትቸኩዪ። የያዝሽውን ሥራ ጨርሺ፤ እኔ መቆም እችላለሁ።

ሥራሽን አበላሽቶ የካደሽ፣
የልጁ አባት