በሓወልቲ ስለሰቀሉት ፈገግታዬ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኣስፋሃ፣
የጥበበ ዘመን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተቋም ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ
መቐለ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ ልክ እንደ ኮምፒውተሮችዎ ከአቧራ፣ ከፀሐይና ከሰው እጅ ተጠብቆ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ኢህሳን ኸድር እባላለሁ። የሠልጣኞችዎ ቁጥር ብዙ ነውና ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ፊቴን ግን ያውቁታል። በሓወልቲ ሰፈር በኩል በመኪናዎ ሲያልፉ፣ እዚያ ካለው ሆቴል ፊት ለፊት ባሰቀሉት ትልቅ ባነር ላይ፣ ክዳኑ በተነሣ ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብላ ካቻቢቴ ይዛ የምትስቀው ልጅ እኔ ነኝ። ከሥሬ በቀይ ቀለም «ብቁ ባለሙያ የሚያፈራ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ፊቴን በአደባባይ ያወጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬም እዚያው ቢደርስዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ዓይደር አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የታካሚ ካርድ ከመደርደሪያ አውጥቼ መስጠት፣ ሲመለስም በቦታው መክተት ነበር ሥራዬ። አምና ክረምት ላይ የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ሰበሰቡንና ካርድ ቀርቶ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሊሆን ነው፣ ካርድ ክፍልም ይዘጋል አሉን። ሆኖም ኮምፒውተሮቹ ሲታመሙ የሚያይ አንድ ሰው ስለሚያስፈልግ፣ ከመካከላችን የጀማሪ ኮምፒውተር ጥገና ባለሙያነት የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ቦታውን እንደሚያገኝ ቃል ገቡልን። እኔም ከሥራዬ ሊያስወጣኝ የመጣውን ማሽን ጠጋኙ ሆኜ እጠብቀዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችን ቋሚ ገቢ የኔ ደመወዝ ብቻ ነበር፤ እናቴ ጣይባ ከወሎ መጥታ ልባሽ ጨርቅ በመሸጥ ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ዛሬ ጉልበቷ ገበያ አውሎ አያስገባትም። እንግዲህ በተቋምዎ ደጅ ላይ የቆምኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1. ስለ ኮምፒውተር ክፍልዎ ንጽሕና አመሰግናለሁ። ጫማ ከበር ላይ ይወለቃል፤ መጋረጃው ሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተርም ጫፉ ዳንቴል የሆነ ነጭ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ለሙሽራም እንዲህ አይጠነቀቁም። ንብረቱ በሙሉ የተፈረመው በንብረት ክፍል ሠራተኛዋ በወይዘሮ ኣሰለፈች ስም ሲሆን፣ አንዲት ብሎን ብትጎድል ከደመወዛቸው እንደምትቆረጥ የነገሯቸው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ወይዘሮዋ በሩ ላይ ወንበር ይዘው እየተቀመጡ፣ ማብራትና ማጥፋት ፈቀዱልን፤ ክዳን ማንሣት ግን በፍጹም። ገና ወደ ብሎኑ ጠጋ ስል «ኣንቲ ጓለይ፣ አንቺ ልጄ፣ በዓይንሽ እዪው፣ በእጅሽ ግን አትንኪው፤ በስሜ ነው ያለው» ይሉኝ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም እንደኔ ደመወዛቸውን የሚጠብቅ ቤት አላቸው። ብቻ የተበላሸ ኮምፒውተር ልንጠግን የመጣን ሰዎች፣ ስድስት ወር ሙሉ የጤነኛ ኮምፒውተር ጀርባና ሆድ ከውጭ ስናይ ከረምን።

2. መምህር ሃይለን ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው፤ ግራ እንዳይጋቡ አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው። መምህር ሃይለ የሚከፈት ኮምፒውተር ቢያጣ፣ ኮምፒውተር ከካርቶን ሠራልን። ካርቶኑን ከክሊኒካችን መድኃኒት ክፍል እየለመንኩ የማመጣለት እኔ ነበርኩ። ማዘርቦርዱን፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ በእስክሪብቶ ሣለው፤ ራሙን ከሳል ሽሮፕ ማሸጊያ ቆርጦ አወጣው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስታውስበት፣ እንደ ማበጠሪያ ቀጠን ረዘም ያለ ዕቃ ሲሆን፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ተጭኖ ይገባል። መምህራችን በየተራ እያስነሣ «ቀጥ አድርጊው፣ በሁለት አውራ ጣትሽ እኩል ተጫኚ፣ ቋ እስኪል ድረስ! ኣጆኺ፣ አይዞሽ!» ይለን ነበር። ካርቶን ደግሞ ቋ አይልም። ስለዚህ አንዱ ሲጫን ቋ የምንለው እኛ ነበርን፤ መላው ክፍል በአንድ ድምፅ «ቋ!» ሲል ወይዘሮ ኣሰለፈች አንድ ነገር ተሰበረ ብለው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።

ይኸው መምህር በመጋዘንዎ ውስጥ ከተቀመጡት የሞቱ ኮምፒውተሮች አንዱን ብቻ እንዲሰጡት ደጋግሞ ለምኖዎታል። እርስዎም የሞተም ቢሆን ንብረት ንብረት ነው፣ ተፈርሞበታል ብለው መለሱት። የሞተ ሰው እንኳ ለሕክምና ተማሪ መማሪያ ይሆናል፤ የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ከሞተ በኋላም ክብሩ አልተነካም። ለዚህ ዓይነቱ ለሙታን ያለ አክብሮት ምን ቃል ይበቃል? መምህር ሃይለም እኛን እያየ ከማፈር ብዛት ሥራውን ለቆ ሄደ።

3. ስለ ፎቶግራፉ። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ መጋረጃው ተገልጧል፤ አንዱ ኮምፒውተር ልብሱን አውልቆ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እርስዎ ራስዎ በሙሉ ልብስ ቆመው ነበር። ወደ እኔ ጠቁመው «እሷ ትምጣ» አሉ፤ ካቻቢቴም በእጅዎ ሰጡኝ። ያን ቀን በባነሩ ላይ እንደሚታየው የሳቅኩት ሳቂ ስላሉኝ አልነበረም። የሳቅኩት ሥልጠናው በቃ ዛሬ ተጀመረ ብዬ ነው። የዚያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሲሰበስብ፣ እኔ ገና ጎንበስ እንዳልኩ ራሙ የቱ ጋ እንደሆነ እየፈለግኩ ነበር። ክዳኑ ተመለሰ፤ ካቻቢቴውን ተቀበሉኝ፤ ወይዘሮ ኣሰለፈች ብሎኖቹን ቆጥረው ተረከቡ፤ ነጩ ልብስም ወረደ። መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ወይዘሮዋ ስላዘዙኝ።

4. ስለ ምዘናው። ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና ቀን ደረሰና ወደ ምዘናው ጣቢያ ሄድኩ። ክፍሉ በር ላይ እንደ ልማዴ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውስጥ ያሉት ሁሉ ጫማቸውን እንዳደረጉ ናቸው። መዛኙ በመጀመሪያ ያዩት ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር። ከዚያ ክዳኑ የተነሣ ኮምፒውተር አሳዩኝና፣ ራሙ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር፣ እሱን አስገብቼ እንዳስነሣው አዘዙኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አይጠይቁኝ። ከስድስቱ ወር ትምህርት ሁሉ በእንቅልፍ ልቤ ሳይቀር የማውቀው ይህን ነበር። አንሥቼ ቀጥ አደረግኩት። የእውነተኛው ራም ጠርዝ ግን ወደ አንድ ወገን ጠጋ ብሎ የተቦረቦረ ነገር አለው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ፣ ተገልብጦ እንዳይገባ የተሠራ ነው። የሳል ሽሮፑ ካርቶን ይህ አልነበረውም። የእኛ ራም በወዲህም በወዲያም ይገባ ነበር። ሳላውቅ ገልብጬ ያዝኩት። እምቢ አለኝ። እኔም እንደተማርኩት በሁለት አውራ ጣቴ እኩል ተጫንኩ፤ አሁንም እምቢ ሲለኝ ኣጆኺ ብዬ ለራሴ ነግሬ በኃይል ተጫንኩ፤ በመጨረሻ ቋ አለ። የማፍርበትን ልንገርዎ፤ ከልማድ የተነሣ እኔም አብሬ በአፌ «ቋ» ብያለሁ። ቋ ያለው ግን የማዘርቦርዱ ስንጥቅ ጠርዝ ሲሰበር ነበር።

መዛኙ ክፉ ሰው አልነበሩም። የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ፤ የተቋምዎን ስም ተናገርኩ። ያኔ ፊቴን አዩና «ሓወልቲ ባነሩ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አዎ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አንገታቸውን ደፍተው መጻፍ ጀመሩ፤ እኔም ጫማዬን ፍለጋ ወጣሁ። ውጤቱ ሲመጣ «ገና ብቁ አልሆነችም» ይላል።

የክሊኒኩ ቦታ ፍትዊ ለሚባል ልጅ ተሰጠ። መልካም ልጅ ነው፤ ሲኮራብኝ አላየሁትም። ካርድ ክፍሉ ሲዘጋ መደርደሪያዎቹን አብሮኝ ያወጣው እሱ ነው። ያን ዕለት እንዳይከፋኝ ፈራ ተባ እያለ፣ በባነሩ ላይ የያዝኩት ካቻቢቴ አፉ ጠፍጣፋ መሆኑን፣ ብሎኑ ግን የሚፈታው አፉ የመስቀል ቅርጽ ባለው ካቻቢቴ እንጂ በእሱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ያን ካቻቢቴ የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና እርማቱን ለባለቤቱ ማድረሴ ነው።

5. አምስተኛ ብዬ ስለ መብራት መጥፋት ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ኮምፒውተሩ በራም አልበራም የሚያገባን ሰዎች አልነበርንም።

ክቡር አቶ ኣስፋሃ፣ እስካሁን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ የተቻለኝን ያህል ሞክሬያለሁ፤ አንድ አንቀጽ ያህል ግን ያለ ጨዋነት እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ተናድጃለሁ። ከንዴቴም ይልቅ ኀፍረቴ ይበልጣል፤ ማፈር የነበረብኝ ግን እኔ አልነበርኩም። ደንቆሮ ሆኜ አልወደቅኩም። መሳሳት በሚገባኝ ቦታ፣ በእርስዎ ክፍል፣ በእርስዎ አሮጌ ማሽን ላይ፣ መምህሬ ከጎኔ ቆሞ «አይ፣ ገልብጪው» እያለኝ እንድሳሳት ስላልፈቀዱልኝ፣ መሳሳት በማይገባኝ ቦታ ተሳሳትኩ። ከመጋዘንዎ አንድ የሞተ ኮምፒውተር ቢሰጡን ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ ነበርኩ። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው።

የከፈልኩትን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። ልመናዬ ሁለት ነው። ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች አንዱን ኮምፒውተር ልብሱን ያስወልቁላቸው፤ ይፍቱት፣ ይስበሩት፣ ወይዘሮ ኣሰለፈችም አይጠየቁበት። ፊቴን ደግሞ ከሓወልቲ ያውርዱልኝ። በየጠዋቱ በሥሩ አልፋለሁ፤ ያቺ ልጅ ከላይ ሆና ስትስቅብኝ ማየት ከብዶኛል።

በተረፈ ለተቋምዎ ዕድገትን፣ ለመጋረጃዎችዎ ረጅም ዕድሜን፣ በመጋዘን ለተኙት ማሽኖችዎም የሰላም ዕረፍትን እየተመኘሁ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከደጅዎ እሰናበታለሁ።

ንብረትዎን በዓይኗ ብቻ ያየች፣ በእጇ ያልነካች፣
ታዛዥ ሠልጣኝዎ

ኢህሳን ኸድር
መቐለ፣ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ እናቴ ማንበብ አትችልም። ከምስሌ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጎረቤት ካነበበላት ወዲህ፣ በባጃጅ በዚያ ባለፈች ቁጥር ሾፌሩን «ቀስ በልልኝ ልጀ፣ ያቻትና ኢህሳንየ!» ትለዋለች። እስከ ዛሬ ድረስ የክሊኒኩ ኮምፒውተር ጠጋኝ እንደሆንኩ ነው የምታውቀው፤ እኔም ጠዋት ጠዋት በሥራ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ቀድሞ ካልነገራት በስተቀር፣ ለዒድ ዱዓ ልታደርግልዎና ልታመሰግንዎ የሠራችውን ምግብ በሰሐን ይዛ ቢሮዎ ድረስ ልትመጣ ቆርጣለች፤ ላስቀራት አልቻልኩም። በር ላይ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን ታወልቃለች። ልጄ የሳቀችበትን ኮምፒውተር አሳዩኝ ትልዎታለች። እባክዎ ነጩን ልብስ ገልጠው ያሳዩዋት፤ ከዚያም እኔ ልነግራት ያቃተኝን እርስዎ ይንገሯት። ሳቄ ብቻ የእውነት እንደነበር ግን አይሸሽጓት።