ስለ ቤት ለምጽ የሚናገረውን ክፍል አይዝለሉባቸው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃውን ለመውጣት እሺ ይላል ወይስ ዛሬም በየሦስት እርምጃው ያስቆምዎታል? ዓይንዎስ? አዲሱን መነጽር ያደርጉታል ወይስ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተውታል? እማዬስ እንዴት ናት? እህቴ አሁንም በነገር ትጠብሳችኋለች? እኔ ጤና ነኝ፣ እበላለሁ፣ ሐሳብ አይግባችሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እርስዎን ዋሽቼ አላውቅም፣ ማለቴ ዋሽቼ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ሰላም አጥቻለሁ አባባ። ይህችን ጥቂት መስመር እስክጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ያባሰብኝ የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ኦሪት ከሚያስተምሯቸው ልጆች አራት ብቻ እንደቀሩ፣ እነሱም ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሲደርሱ ማዛጋት እንደሚጀምሩ ጽፈውልኛል። ስለ ቁስል፣ ስለ ልብስና ስለ ቤት ለምጽ የሚናገረውን ትቼ ወደሚጥማቸው ታሪክ ልሻገር ይሆን፣ አንተስ ምን ትላለህ ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ እኔን! ያን ክፍል ሲያስተምሩኝ ደብተሬ ላይ ተኝቼ ለሐጬን ያዝረከረክሁትን እኔን! መልሱን በአንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር፤ ግን እንዴት እንደደረስኩበት ካልነገርኩዎት አያምኑኝም።

እንደሚያውቁት እንጀራዬ ልስንና ቀለም ነው። አለቃዬ አሮጌ ቤት እያደሰ ያከራያል። እኛ ሠራተኞቹ ነገ ይደርቃል የሚል ስም አውጥተንለታል፤ ስለ የትኛውም እርጥብ ግድግዳ ቢጠይቁት መልሱ ይኸው ነዋ። አምና ከመንገዱ ዝቅ ባለች ክፍል ውስጥ ጥቁር ሻጋታ የበላውን ግድግዳ አሳየኝ። ልስኑን ላንሣውና ከጀርባው ያለውን ቧንቧ ልየው አልኩት። ነገ ይደርቃል፣ ሁለት እጅ ቀለም ደርብበት አለኝ። እኔም ሦስት እጅ ደረብኩበት፤ ሦስተኛዋ የእኔ ቸርነት ነበረች። በሳምንቱ አንዲት ልብስ ሰፊ ሕፃን ልጇን ይዛ ገባችበት። ቤቱ እንዴት ያምራል፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምርቃቷን ተቀበልኩ።

ከሁለት ወር በፊት፣ ዓርብ ቀን፣ አለቃዬ እንደገና ወደዚያው ላከኝ። ጥቁሩ ተመልሶ መጥቶ እስከ ሕፃኑ አልጋ ራስጌ ደርሷል። ልጁ ያስላል፤ ሳሉ ደግሞ የሽማግሌ ሳል ነው፣ አንጀቴን በላኝ። ልብስ ሰፊዋ ጥፋቱ የእሷ መስሏት ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እዚሁ ልብስ እያሰጣሁ እኔ ነኝ መሰለኝ ያበላሸሁት አለችኝ። ሰኞ መጥቼ እቀባዋለሁ ብያት ወጣሁ። ወጣሁ ስል ሸሸሁ ማለቴ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። እኚህ ሰው ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በየሰንበቱ ኦሪት የሚያነቡ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ ወንበር አይበቃም ነበር አሉ፤ አሁን እኔን ጨምሮ አምስት ነን። እኔም እውነቱን ለመናገር የምሄደው የሰው ድምፅ ፍለጋ ነበር። የዚያን ቀን ተራው የቤት ለምጽ ሆነ። አንዱ ይህን እንዝለለው፣ ዛሬ ማን ካህን ጠርቶ ግድግዳ ያስመረምራል አለ፤ ሌሎቹም እውነቱን ነው አሉ። ጫማ ሰፊው ተቆጡ። እኔ የጫማው የውስጥ ስፌት አይታይም ብዬ ብዘለው ጫማችሁን ይዛችሁ ትመለሱ የለም ወይ አሏቸውና ማንበባቸውን ቀጠሉ።

አባባ፣ እርስዎ በቃልዎ የሚያውቁትን እኔ ገና ሰማሁት። ባለቤቱ ራሱ ካህኑ ዘንድ ሄዶ ይናገራል፤ እሱም ለምጽ ነው ብሎ አይፈርድም፣ ለምጽ የመሰለ ነገር ታየኝ ይላል እንጂ። ካህኑ ገብቶ ከማየቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ይወጣል። ይህ ለምን ሆነ ብለን ስንጠይቃቸው ጫማ ሰፊው፣ ካህኑ ርኩስ ነው ካለ በኋላ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ስለሚረክስ፣ ለሰውየው ድስትና ምንጣፍ ታዝኖለት ነው አሉን። ከዚያ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ የተበላው ድንጋይ ይወጣል፣ ልስኑ ይፋቃል፣ በአዲስ ይለሰናል፤ ይህም ሆኖ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። እኔ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። መጽሐፉን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አየሁት። ቀባው የሚል የለበትም።

ሰኞ ብሩሹን ትቼ መፋቂያና መዶሻ ይዤ ሄድኩ። አምና ያደረግሁትን ለልብስ ሰፊዋ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ልጇን እንዳቀፈች፣ እንዲህ ያደረግህበት ስንት ቤት አለ አለችኝ። አልጋውን፣ የስፌት መኪናዋንና ጨርቋን ጎረቤቷ ክፍል አስገባን። ልስኑን ሳነሣው ቧንቧው ከጀርባ ያለቅሳል። አለቃዬ መጥቶ ፍርስራሹን ሲያይ፣ ነገ ይደርቃል እንኳ ማለት አቃተው። እዚያው አሰናበተኝ። አሁን ለሌላ ሰው እየሠራሁ ነው፣ በዚህ አትጨነቁ።

የሴትዮዋ ጥያቄ ግን አላስቀምጠኝ አለ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ ሰባት ሆኑ። ከሥራ ስወጣ በየበሩ እየሄድኩ አንኳኳለሁ። አንዱ በሩን ፊቴ ላይ ድርግም አደረገው፣ አንዷ እንደ ሌባ አየችኝ፣ አንድ ጡረተኛ ደግሞ እኔም ጠርጥሬ ነበር ብሎ አብሮኝ ልስን ሲያነሣ አመሸ። እንዲህ እያልኩ ስድስቱን ጨረስኩ።

ሰባተኛው የእናንተ ነው አባባ።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ ለስንብት ብዬ መኝታ ክፍሉን የቀባሁላችሁን ያስታውሳሉ። ከእማዬ አልጋ ጀርባ እርጥበት እንደነበረ አይቻለሁ። ጥጉ ላይ ጣቴን ስጭነው ልስኑ ይሰጥም ነበር። ልስኑን ባነሣው በሦስት ቀን አላደርሰውም፤ ቤቱን አፍርሶባቸው ሄደ እንዳልባል ፈራሁ። ቀባሁት። እርስዎ መረቁኝ፣ እማዬ ጎረቤት እየጠራች የልጄ እጅ ሥራ ብላ አሳየች። ባለፈው በስልክ ሳነጋግራት ሁለት ቃል በተናገረች ቁጥር ሳል ያቋርጣታል፤ ብርድ ነው አለችኝ፣ እኔም ብርድ ነው አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ያ ጥግ ትዝ አለኝ። ውሸቴ አንድ ጊዜ ተሳክቶልኝ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በሕጉ መሠረት ወደ እርስዎ መጥቻለሁ፤ ለምጽ የመሰለ ነገር ታየኝ።

እባክዎ ደብዳቤው እንደደረሰዎ ዛሬውኑ አልጋዋን ወደ ሳሎን ያውጡ። ኦሪቱንም ከዚያው ክፍል መደርደሪያ ያንሡት። ከገበያው ጀርባ ያለውን ለሳኝ፣ ያን አንካሳውን ያስጠሩ፤ አፉ ክፉ ነው፣ እጁ ግን አይዋሽም። ይህን የሠራው ማነው ብሎ ሲሳደብ ልጄ ነው ይበሉት። አራቱን ልጆች ደግሞ እዚያው መኝታ ክፍል ያስገቧቸውና ስለ ቤት ለምጽ የሚናገረውን ግድግዳው ፊት ያንብቡላቸው። ማዛጋታቸው ከቀረ ይጻፉልኝ።

እህቴን ሳሙልኝ፤ ዕቃ በማውጣቱ ስታጉረመርም ምክንያቱ እኔ ነኝና በስሜ ታጉረምርም። ባሏን ሰላም በሉልኝ። ታች ቤት ያለችውን አክስቴን በርቺልኝ በሏት። እማዬን በሁለቱም ጉንጭ ይሳሟት፤ አልጋዋ ለምን እንደወጣ ስትጠይቅ ግን እርስዎ አይመልሱላት። እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ፤ ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ።

ልጅዎ

ከተከራየሁባት ክፍል፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 19 ቀን