ሲሸጡት የሚያዋጣው ላፕቶፕ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዘርፉ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የሻርጃው ሙቀት በርትቷል ሲሉ ሰማን፤ ሥራ ላይ ውኃ እየጠጡ ነው? እማማ ደህና ናቸው። እኛም ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ራሴን ተጸይፌ ሰንብቻለሁ።

ለልጄ ለልዩ የመመረቂያ ሥራ ብለው በላኩት ገንዘብ ላፕቶፑን ገዛሁ። እርስዎ አንጎሉ ራይዘን ፋይቭ የሆነ፣ አዲስ ምርት ይሁን ብለው ነበር፤ እሷም የፈለገችው እሱን ነው። እኔ ግን የዕድራችን ዳኛ ልጅ ሚኪያስ ሱቅ ስለከፈተ፣ የራሳችን ሰው እያለ ብዬ እሱ ጋ ወሰድኳት።

ሁለት ላፕቶፕ ጎን ለጎን አስቀመጠልን። «ጋሼ፣ ፋይቭ ከሰቨን ይበልጣል እንዴ?» አለኝ። ኢንቴል ኮር አይ ሰቨን የሚል ስቲከር ያለበትን እየደባበሰ፣ «ይሄ የላፕቶፕ ቪትዝ ነው። ነገ ቢሸጡት ሰው ይሻማበታል። ራይዘንን አዳማ ላይ ማን ይገዛዎታል?» አለኝ። ልዩ ክንዴን ይዛ፣ የሚታየው ቁጥሩ ሳይሆን የተሠራበት ዘመን ነው፣ ያ ኢንቴል አሥር ዓመት አልፎታል አለችኝ። «ከነጋዴው ልታውቂ ነው?» ብዬ በሰው ፊት ዝም አሰኘኋት። ልጄ የምትሠራበትን ዕቃ እኔ ስለመሸጡ እያሰብኩ ገዛሁ።

የምትሠራው የወለንጪቲን የገበያ አዳራሽ ንድፍ ነው። ስትከፍተው ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኽና ቀጥ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ስቲከሩ ከሙቀት የተነሳ ተልጦ ወደቀ። ኮምፒውተር የሚጠግነው አብዱናሲር ሲመረምረው ሰቨንም አይደለም፤ አሮጌ አይ ፋይቭ ነው።

ሚኪያስ ጋ ብመለስ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ኢንቴል አልኩዎት፤ ኢንቴል ሰጠሁዎት» አለኝ። ያንኑ የመሰለ ስቲከር በጥቅል መሳቢያው ውስጥ አየሁ። አባቱ ደግሞ ነገሩ በሽምግልና ይለፍ ብለው ሰው ላኩብኝ። ትናንት ለቅሶ ቤት ጎናቸው ተቀምጬ ንፍሮ ቃምኩ።

ልዩ ሥራዋን ልታስረክብ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ጧት ጧት ቢሾፍቱ ጓደኛዋ ሃዊ ጋ ትሄዳለች። የሃዊ ላፕቶፕ እኔ የናቅኩት ዓይነት ራይዘን ነው፤ እኛ ቤት ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ንድፍ እዚያ ወዲያው ይከፈታል። ለእርስዎ በስልክ «ግሩም ላፕቶፕ ነው» ያለችዎት የእኔን ገመና ልትሸፍን ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ሌላ እንዲልኩ አይደለም።

የወደቀውን ስቲከር አንስታ የአሮጌው ስልኬ ጀርባ ላይ ለጠፈችልኝ። «አባዬ፣ አሁን ብትሸጠው ሰው ይሻማበታል» አለችኝ። አልላጥኩትም።

ለባለቤትዎ ለንዋይና ለልጅዎ ለሊዲ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማማ ግንባርዎን ይስማሉ፤ ባለቤቴ ጉዲቱም እጅ ትነሳለች። ልዩ ቢሾፍቱ ናት፤ ሰላምታዋን ራሷ ትንገርዎት። እኔ በእሷ ፋንታ መናገር ትቻለሁ።

ወንድምዎ ሙሉብርሃን
አዳማ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.